«አሞር ኤተርኖ»፦ ለሠርግ ቪዲዮ የማይሆነው የፍቅር ዘፈን

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ የሠርጉን ቪዲዮ አሳየኝ። ከጀርባው የስፓኒሽ ዘፈን ገብቶበታል፤ «አሞር ኤተርኖ»፣ ዘላለማዊ ፍቅር። ርዕሱን አይቶ ነው የመረጠው። አልፈርድበትም፤ ግን ዘፈኑን በጣም ስለምወደው ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ስለ እሱ የሚባሉ አራት የተሳሳቱ ነገሮችን አንድ በአንድ ላርም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የፍቅረኞች ዘፈን ነው»

አይደለም፣ ሙሾ ነው። ግጥሙ ውስጥ «መቃብር» የሚል ቃል በግልጽ አለ። አዝማቹ ላይ ደግሞ «ምነው በሕይወት በኖርሽ፣ ዓይኖችሽም ባልተከደኑ» እያለ ይመኛል። ዓይን ያለበት ቃል «ኦሂቶስ» ነው። «ኦሆስ» ቢል በቂ ነበር። ያቺ የገባችው «ኢቶ» ግን ስስት አለባት፤ እኛ «እናቴ» ማለት ሲያንሰን «እማዬ» እንደምንለው።

ታዲያ ስህተቱ ከየት መጣ? ስፓኒሽ «አንተ»ንና «አንቺ»ን አይለይም፣ ሁለቱም «ቱ» ናቸው። ግጥሙ ደግሞ «እናቴ» አይልም። ስለዚህ የሰማ ሁሉ የራሱን ሰው ያስገባበታል።

ግጥሙም ዜማውም የሜክሲኳዊው ሁዋን ጋብሪኤል ነው። እናቱ ቪክቶሪያ ቫላዴስ ያረፉት በ1974 ማብቂያ ላይ ነው። በሰፊው እንደሚነገረው ዘፈኑን የጻፈው ለሳቸው ነው፤ መርዶውም የደረሰው ለሥራ አካፑልኮ በሄደበት ነው። ዘፈኑ ውስጥም አካፑልኮ የመዝናኛ ከተማ ሳትሆን የመሪር ትዝታ ቦታ ናት።

እኔን አንጀቴን የሚበላኝ ግን ልጅነቱ ነው። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሲውዳድ ሁዋሬስ በምትባል የሜክሲኮ ከተማ የሕፃናት ማሳደጊያ ገባ፤ ለዓመታትም ከእናቱ ተለይቶ እዚያ አደገ። ያ ልጅ ነው አድጎ «ሕሊናዬ ንጹሕ ቢሆንም ከዚህ በላይ ላደርግልሽ እችል ነበር» ያለው። ወላጁን የቀበረ ሰው ይህችን ስንኝ ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፋትም።

«ሮሲዮ ዱርካል ሜክሲኳዊት ናት»

ዘፈኑን በ1984 ቀርጻ በየቤቱ ያስገባችው እሷ ናት። ከማሪያቺ፣ ከሜክሲኮ ባህላዊ የሙዚቃ ቡድን፣ ጋር ስትዘፍን የሰማ ሰው ሜክሲኳዊት ናት ቢል አይገርምም። ግን በ1944 ማድሪድ የተወለደች ስፔናዊት ናት። በ1960ዎቹ ስፔን የምታውቃት የፊልም ኮከብ ሆና ነው። «ዱርካል» የግራናዳ ግዛት ከተማ ስም ነው፤ ካርታ ላይ በጣቷ ጠቁማ እንዳገኘችው ይነገራል። በ1977 የሁዋን ጋብሪኤልን ዘፈኖች ማሳተም ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ ሜክሲኮ የራሷ አደረገቻት። በ2006 ስታርፍ ከአስከሬኗ አመድ ከፊሉ ሜክሲኮ ሲቲ ወደሚገኘው የጓዳሉፔ ባዚሊካ ቤተ ክርስቲያን ተወስዷል።

«ሁዋን ጋብሪኤል ደራሲ ብቻ ነው»

ራሱም ትልቅ ዘፋኝ ነበር። በ1990 ሜክሲኮ ሲቲ ባለው ታላቅ የኪነ ጥበብ አዳራሽ፣ በፓላሲዮ ዴ ቤያስ አርቴስ፣ በብሔራዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ታጅቦ ይህንኑ ዘፈን ተጫውቶታል። «እዚያ አዳራሽ እንዲህ ያለ ዘፋኝ አይገባም» ያሉ ነበሩ። ቅጂውን ፈልጋችሁ ስሙት።

«የድሮ ዘፈን ነው፣ አልፎበታል»

ሜክሲኮ የእናቶችን ቀን የምታከብረው ሜይ 10 ነው። ዛሬም በዚያ ቀን አበባ ይዞ፣ ማሪያቺ አስከትሎ ወደ እናቱ መቃብር የሚሄድ ብዙ ነው። እዚያ ቆሞ የሚያዘፍነውም ይህንኑ ነው።