ቦኖ በአዳማ

ስለ መንግሥትና የግል አጋርነት ሲነሳ አዋጅ ቁጥር 1076/2010 እና ትልልቅ የኃይልና የመንገድ ፕሮጀክቶች ይጠቀሳሉ። ድሃው ቤት በየቀኑ የሚደርሰው አጋርነት ግን ቦኖ ነው፤ የራሱ መስመር የሌለው ቤተሰብ በጀሪካን ከፍሎ የሚቀዳበት የሕዝብ ቧንቧ።

አዳማ ላይ ቦኖ የጤና ጉዳይም ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ቅርብ ባለችው ወንጂ ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኗል፣ አጥንታቸውም ተጎድቷል። ማፍላት አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበረታል። ስለዚህ ከተማዋ የአዋሽን ውሃ አጣርታ፣ በፓምፕ ገፍታ ትጠጣለች፤ የራሱ መስመር የሌለው ቤት ይህን ውሃ የሚቀዳው ከቦኖ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ በክረምት ወንዙ ሲደፈርስ ማጣራቱ ብዙ ኬሚካልና ጊዜ ይወስዳል።

በተለመደው አሠራር የውሃ አገልግሎቱ መስመሩን ይዘረጋል፣ ቆጣሪ ይተክላል፣ ታሪፍ ያወጣል። ማኅበር ወይም ግለሰብ ውል ገብቶ ቦኖውን ይከፍታል፣ ይሸጣል፣ ያጸዳል፣ በወሩ መጨረሻ ቆጣሪው ያነበበውን ይከፍላል። አንድ ሜትር ኪዩብ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የሻጩ ገቢ የ50ው ሽያጭና የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋ ልዩነት ነው።

ይህን ልዩነት ፍሳሽ ይበላዋል። ከቆጣሪው ወዲህ፣ በቦኖው በኩል ያለ ጎሚኒ (ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ) አልቆ በሰዓት አንድ ጀሪካን ቢያንጠባጥብ፣ በ30 ቀን 720 ጀሪካን፣ ማለትም 14.4 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ሻጩ ያልሸጠውን ይከፍላል፤ ሲያቅተው ዕዳ ይከማቻል፣ መስመሩ ይቆረጣል፣ ሰፈሩ ወደ ጋሪ ውሃ ይመለሳል። ቆጣሪውን በየሳምንቱ አንብቦ ከሽያጩ ጋር ያመሳከረ ሻጭ ፍሳሹን ሳይዘገይ ያገኘዋል። ውሉም ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን ጥገና የአገልግሎቱ፣ ወዲህ ያለውን የሻጩ ብሎ በግልጽ ሊለይ ይገባል። ያልተለየ እንደሆነ ሁለቱ ሲጠባበቁ ቧንቧው ሳይጠገን ይከርማል።

ሌላው ችግር ታሪፉ ላይ ነው። ፍጆታ ሲጨምር ዋጋ የሚጨምርበት ታሪፍ ቆጣቢውን ለመጥቀም የታሰበ ነው። ስምንት ቤተሰብ በአንድ ግቢ ቆጣሪ ቢጠቀሙና እያንዳንዱ 3 ሜትር ኪዩብ ብቻ ቢቀዳ፣ ቆጣሪው 24 ያነባል፤ ሂሳቡም የትልቅ ተጠቃሚ ይሆናል። ለጎረቤት የሚሸጠው ባለቤት ጭማሪውን ወደ ጀሪካኑ ያዞረዋል። ቦኖ የራሱ፣ ከፍጆታው ጋር የማይጨምር ታሪፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመክፈቻ ሰዓት ከፈረቃው ጋር መሄድ አለበት። ውሃው ሌሊት መጥቶ ቦኖው ጠዋት የሚከፈት ከሆነ ሮቶ ያለው ቤት ሞልቶ ያድራል፤ ጀሪካን ብቻ ያላት እናት ደረቅ ቧንቧ ላይ ትደርሳለች።