«ታይሚንግ ማስገባት» ምንድን ነው?

ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሳ ሌላዋ ታወርዳለች። ሙቀጫው አንድ ነው፤ ተራው ግን የሁለት ሰው ነው። ምቱ እስካልተዛባ ድረስ ዘነዘና ከዘነዘና አይነካካም። አንዷ ለአፍታ ከዘገየች ግን ቋ! ይላል፤ ከዚያ የእጅ ሕመም ነው።

ሞተር ውስጥም እንደዚያው ነው። ፒስተን (ሲሊንደር ውስጥ የሚመላለሰው ብረት) ከታች ይወጣል፣ ቫልቭ (የአየሩና የጭሱ በር) ከላይ ይወርዳል። የሚሠሩት በአንድ ጠባብ ቦታ ነው። ተራቸውን የሚጠብቅላቸው ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው፤ ታይሚንግ ቺንጋ ይባላል። አዲስ ቺንጋ ሲገባ ይህንን ተራ እንደገና ማስያዝ ነው እንግዲህ «ታይሚንግ ማስገባት» የሚባለው። (ቺንጋ ጣልያንኛ ነው። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴም እንደዚያው። የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው።)

ነገሩን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። ኮሮላ 110 ነበረችኝ፤ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ። ቺንጋዋ ጊዜው ስለደረሰ አስቀየርኩ። መኪናዋ ተነሳች፣ ከጋራዥም ወጣች። ግን ያቺ የማውቃት መኪና አልነበረችም። ዳገት ላይ ትለግማለች፣ ስትቆም ትንቀጠቀጣለች፣ ቤንዚን ትጠጣለች። ስመልሳት «ካንዴላ ነው» አሉኝ፤ ብልጭታ የሚሰጠው ማለት ነው። አራቱንም ቀየርኩ። «እንግዲያው ኢንጀክተር ይታጠብ» ተባለ፤ ነዳጅ የሚረጨው። ታጠበ። ለውጥ የለም።

ችግሩ አንድ የቺንጋ ጥርስ ነበር።

ሞተር አንድ ዙር ሥራውን የሚጨርሰው በአራት ምት ነው። አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያወጣል። በነዚህ አራት ምቶች ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት ግን የሚዞረው አንዴ ብቻ ነው። ለዚህም ነው የካሙ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ጥርስ ያለው ክብ ብረት) የክራንኩን እጥፍ ጥርስ ያለው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው ያ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው።

ክራንኩ ላይ 20 ጥርስ አለ እንበል። 360 ዲግሪ ለ20 ሲካፈል 18 ይሆናል። ስለዚህ ቺንጋው አንድ ጥርስ ተሳስቶ ሲገባ ቫልቮቹ 18 ዲግሪ ይቀድማሉ ወይም ይዘገያሉ። ለዓይን ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ለሞተሩ ግን በሩ ያለ ሰዓቱ እንደተከፈተ ቤት ነው። ብዙ ሞተር በዚህ ስህተት ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ግን ጉልበት የለውም። ሁለት ሦስት ጥርስ ከሆነ ላይነሳም ይችላል፤ ወይም የባሰው ይመጣል።

የባሰው ምንድን ነው? ፒስተን ቫልቭን መምታት። ሁሉም ሞተር ላይ አይደርስም። አንዳንዱ ሞተር ሁለቱ ጨርሶ እንዳይደራረሱ ተደርጎ የተሠራ ነው። 4ኤ-ኤፍኢ ከነዚህ ይመደባል፤ ቺንጋው ቢበጠስ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች እንጂ ቫልቭ አይጣመምም። እኔን ያተረፈኝ ይኸው ነው። ዲዝል ግን ምሕረት የለውም። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ስለዚህ የተከፈተ ቫልቭ ካገኘ ያጣምመዋል። ቴስታታ ይወርዳል ማለት ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ አሮጌው ቺንጋ ሳይወልቅ ክራንኩ በብሎን መፍቻ ቁልፍ እየዞረ የመጀመሪያው ፒስተን ጫፍ ላይ ይደርሳል። ክራንክ ፑሌጃው ላይ ያለችው ጭረት ሽፋኑ ላይ ከተጻፈው ዜሮ ጋር ትገጥማለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፒስተኑ በአንድ ዙር ሥራ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ አንዴ ሲያምቅ፣ አንዴ ጭስ ሲያስወጣ። የክራንኩ ምልክት ሁለቱን አይለይም። የሚለየው የካሙ ምልክት ነው። በኮሮላዋ ሞተር የካሙ ፑሌጃ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ከኋላዋ ካለው ምልክት ጋር መግጠም አለባት። ካልገጠመች ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር ማዞር ነው።

ከዚያ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። ቺንጋው ከክራንኩ ተነስቶ መወጠሪያ በሌለበት ጎን ተወጥሮ ወደ ካሙ ይወጣል። የሚላላው መወጠሪያው ባለበት ጎን ብቻ መሆን አለበት። አልገባ ሲል በካቻቢቴ መጎርጎር አይፈቀድም፤ ውስጡ ያለው ክር ከተጎዳ ከውጭ አይታይም፣ ዕድሜው ግን ያጥራል። ቺንጋው ወልቆ ሳለ ካሙንም ክራንኩንም ያለ ምክንያት ማዞርም እንደዚሁ ክልክል ነው።

ብዙ መካኒኮች ሌላ ዘዴ አላቸው። አሮጌው ቺንጋ ላይና ፑሌጃዎቹ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት ያደርጋሉ፤ ጥርሱን ቆጥረው አዲሱ ላይ ይገለብጡታል። መጥፎ አይደለም፤ ፈጣንም ነው። ግን አሮጌው ራሱ ተሳስቶ የገባ ከሆነ ስህተቱን ገልብጠው ያስገባሉ። ቺንጋው ተበጥሶ ከመጣ ደግሞ የሚገለበጥ ነገር የለም። እኔ የፋብሪካውን ምልክት የሚያይ መካኒክ ይሻለኛል። ቀለሙ ለማረጋገጫ ይሁን።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፦ ሁለት ዙር በእጅ። መወጠሪያው ላላ ተደርጎ ሞሌው (ስፕሪንጉ) ቺንጋውን እንዲወጥር ይተዋል። ከዚያ ክራንኩ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር በቁልፍ ይዞራል። ለምን ሁለት? ካሙ አንድ ዙር ጨርሶ ወደ ቦታው የሚመለሰው ያኔ ስለሆነ ነው። ምልክቶቹ እንደገና ከገጠሙ የመወጠሪያው ብሎን ይጠብቃል። ካልገጠሙ ቺንጋው ወልቆ እንደገና ይገባል። ሲዞር የሚነካካና እምቢ የሚል ነገር ካለም በእጅ ይሰማል፤ ያኔ ማቆም ነው። በቁልፍ የተነካካ ቫልቭ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። በስታርተር የተመታ ግን አይተርፍም። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሚኒባስና ፒክአፕ ላይ ነገሩ በአንድ ይጨምራል። በቶዮታ 2ኤልና 3ኤል ዲዝሎች ቺንጋው ከክራንክና ከካም ሌላ የነዳጅ ፖምፓውንም ያዞራል። ስለዚህ የሚገጥመው ምልክት ሦስት ነው። ካሙ ልክ ሆኖ ፖምፓው አንድ ጥርስ ከሳተ ሞተሩ ያጨሳል ወይም ክፉኛ ያንኳኳል። በነዚህ መኪናዎች ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት አለች። ቺንጋውን አይታ የምትበራ ይመስለን ይሆናል። እሷ የምትቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። መካኒኩ ወደ ዜሮ ሲመልሳት ትጠፋለች፤ ቺንጋው ተቀየረም አልተቀየረም። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች ይህቺን ያዙልኝ። ቪትዝ ያላችሁ ደግሞ ይህ ጣጣ አይመለከታችሁም፤ የእናንተ በሰንሰለት ነው።

ወደ ኮሮላዬ ልመለስ። ሌላ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። እሱ ካንዴላም ኢንጀክተርም አልነካም። የላይኛውን ሽፋን ፈታ፣ ክራንኩን ዜሮ ላይ አደረሰና የካሙን ቀዳዳ በባትሪ እያበራ አየ። «ና እይ» አለኝ። ቀዳዳዋ ከምልክቱ ፈንጠር ብላለች።

የገረመኝ ግን ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ በተራ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተሩ ነው። በዚህ ሞተር ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ካሙ ነው። ካሙ ሲስት የካንዴላው ብልጭታም አብሮ ይስታል። የመጀመሪያው መካኒክ መኪናዋ ስትለግምበት ዲስትሪቢዩተሩን አላልቶ ወደ አንድ ጎን እስከሚሄድበት ገፍቶታል። በዚህም ብልጭታው ወደ ልኩ ቀረብ ብሏል፣ ሞተሯም ትንሽ ተሽሏታል። ቫልቮቹ ግን እዚያው በስህተታቸው ነበሩ። ሁለተኛው መካኒክ ቺንጋውን አንድ ጥርስ መለሰ፣ ሁለት ዙር አዞረ፣ ብልጭታውን በታይሚንግ ላይት (የብልጭታውን ሰዓት በሚያሳይ መብራት) አይቶ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 10 ዲግሪ ሲቀረው ላይ አሠረው።

ያን ቀን ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣችው። በከንቱ የወለቁት አራት ካንዴላዎች ክሩስኮቱ ውስጥ እየተንኳኩ ነበር። መኪናዋን እስክሸጥ ድረስ እዚያው ነበሩ።