«ነዳጅ 200 ዶላር ሊገባ ነው» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሊነካ ነው የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ወሬው ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ፒያሳ ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም። ማደያ ላይ ሰልፉ ይረዝማል። የባጃጅ ሂሳብ ከነዳጁ ቀድሞ ይጨምራል። መሀል ላይ የሚጎዳው ደመወዙ ያልጨመረለት ሰው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ትንበያ ምን ያህል እንመነው የሚለው ለጎንደሬውም የኪስ ጉዳይ ነው።

«ትልቅ ባንክ ከተናገረ አይቀርም»

ቀርቶ ያውቃል። በፈረንጆቹ ግንቦት 2008 (ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ጎልድማን ሳክስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ተንታኞች የአንድ በርሜል ዋጋ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ150 እስከ 200 ዶላር ሊደርስ ይችላል አሉ። ሐምሌ ላይ 147 ዶላር ሲነካ ብዙ ሰው አመናቸው። ከዚያ የዓለም የገንዘብ ቀውስ መጣ፤ ታኅሣሥ ላይ በርሜሉ ከ40 ዶላር በታች ተሸጠ።

በ2022 ደግሞ ሌላው የአሜሪካ ባንክ ጄፒ ሞርጋን 380 ዶላር የሚል ቁጥር ጠራ። ዓለም ሁሉ ያንን ቁጥር ተቀባበለው። ባንኩ ያለው ግን ሩሲያ በቀን 5 ሚሊዮን በርሜል ምርት ከቀነሰች እዚያ ሊደርስ ይችላል ነው። ሩሲያ ያን ያህል አልቀነሰችም። ዓመቱ ሲያልቅ ዋጋው 85 ዶላር አካባቢ ነበር። ቅድመ ሁኔታው መንገድ ላይ ቀርቶ ቁጥሩ ብቻ ነው ሰው ጆሮ የገባው። እንዲህ ዓይነት ዜና ስትሰሙ መጀመሪያ «ምን ከተፈጠረ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ለመደንገጥ አትቸኩሉ።

«ነዳጅ እያለቀ ስለሆነ ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም»

በ2005 የኢነርጂ ባለሙያው ማቲው ሲመንስ ይህንኑ አምኖ ከጋዜጠኛው ጆን ቲየርኒ ጋር በገንዘብ ተወራረደ። የ2010 አማካይ ዋጋ ከ200 ዶላር ያልፋል አለ። አማካዩ 80 ዶላር ገደማ ሆነና ቲየርኒ አሸነፈ።

ምክንያቱ ዋጋው ራሱ ነው። ነዳጅ ሲወደድ ድሮ አያዋጣም የተባለው ጉድጓድ ያዋጣል፤ ሰውም መቆጠብ ይጀምራል። የአሜሪካ ምርት ከ1970 በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሲያሽቆለቁል ነበር። ከድንጋይ ውስጥ ነዳጅ የሚያወጡበት ዘዴ ሲስፋፋ ግን በ2018 የድሮውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በኮሮና ጊዜ ደግሞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2020፣ የአሜሪካ ድፍድፍ የወደፊት ውል (ነዳጁን በኋላ ቀን ለመረከብ አስቀድሞ የሚገባ የግዢ ውል) ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ወርዶ ተዘጋ።

«እንግዲያው ትንበያ ሁሉ ውሸት ነው»

ይሄም ስህተት ነው። በ1973 የአረብ አገሮች ማዕቀብ ሲጥሉ ዋጋው በወራት ውስጥ ከ3 ዶላር ወደ 12 ዶላር ተጠግቷል። ዓለም ከሚጠቀመው ነዳጅ አንድ አምስተኛ ያህሉ የሚያልፈው በኢራንና በኦማን መካከል ባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ፣ በሆርሙዝ ሰርጥ ነው። እዚያ ችግር ከተፈጠረ ዋጋው በአንድ ሌሊት ይዘላል። ተንታኞች ጊዜውንም መጠኑንም ሊስቱ ይችላሉ፤ አደጋው ግን እውነት ነው።

«ድፍድፍ በእጥፍ ከጨመረ የጎንደር ቤንዚንም እጥፍ ይሆናል»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። የአሰብ ማጣሪያ በ1990ዎቹ ሥራ ካቆመ ወዲህ ኢትዮጵያ የምትገዛው የተጣራ ነዳጅ ነው። ማደያ ላይ የምንከፍለው ብር የማጣሪያ፣ የመርከብ፣ የግብር እና የቦቴ ወጪ አለበት። የመሸጫ ዋጋውን የሚወስነውም መንግሥት ነው። ስለዚህ የድፍድፍ ዋጋ እጥፍ ቢሆን እንኳ እኛ ዘንድ በዚያው ልክ አይደርስም።

ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ስለሆነ ከዚያ የሚበልጥብን የብር ምንዛሪ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ብር ሲረክስ ድፍድፍ 80 ዶላር አካባቢ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ወራትም ብዙ አልጨመረም፤ እንዲያውም ወረድ ብሎ ነበር። እኛ ጋ ግን በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አለፈ። የዓለምን ዜና ብቻ ሲከታተል የነበረ ሰው ይህን አስቀድሞ ማየት አይችልም ነበር።

ጎንደር ላይ መንገዱም አለ። መንገድ ሲዘጋ ቦቴው ይቀራል። ማደያው ይደርቅና ቤንዚን በሃይላንድ፣ በጥቁር ገበያ ዋጋ ይሸጣል። ለዚህ ጭማሪ ኒው ዮርክም ለንደንም ተጠያቂ አይደሉም።

«ሳይጨምር በጀሪካን ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል»

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ቤንዚን በቀላሉ ይተናል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት ቤት ውስጥ ይህ ማለት እሳት ነው። ለወራት ሲቀመጥ ጥራቱም ይወርዳል። ሁሉም ጀሪካን ይዞ ከወጣ ደግሞ እጥረቱ ራሱ ከወሬው ይወለዳል። ባለባጃጅ ከሆናችሁ የጎማችሁን ንፋስ በየሳምንቱ አስለኩ፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ነዳጅ ይበላል።