«ልጄን የላክሁት ዛፍ እንዲያይ አይደለም»

ጎንደር ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቹን ይዤ ወደ ደን በወጣሁ ማግስት አንድ ወላጅ በር ላይ ይጠብቀኛል። «ቲቸር፣ ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው እንጂ ዛፍ እንዲያይ አይደለም።» ይህን ስሰማ ዓመታት አለፉ። ሰልችቶኛል። አንዴ ልጻፈውና ይለይለት።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ብርድ ይመታቸዋል።» ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው። መስኮቱ ተዘግቶ ስልሳ ልጅ የሚተነፍስበት ክፍል ከደኑ ይልቅ ያሰጋኛል። ሹራብ አልብሳችሁ ላኳቸው፣ በቃ።

«ጅብ አለ።» ጅብ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው ማታ ነው። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ወጥተን ለምሳ እንመለሳለን።

«ባህር ዛፉም ያው ደን ነው፣ ቅርብ ውሰዷቸው።» ያው አይደለም። ባህር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ጠቅሞናል። ግን በተርታ በተተከለ ባህር ዛፍ ሥር ብዙ ነገር አይበቅልም፤ ልጅ አምስት ደቂቃ አይቶ ይጨርሰዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወይም ቁስቋም ግቢ ስትገቡ ግን ሌላ ነው። ጥዱ፣ ወይራው፣ ሐረጉ፣ ወፉ። አባቶችን አስፈቅዳችሁ ግቡ፤ ቅጠል አትቀንጥሱ።

አሁን ወደ ዋናው። «ይሄ ጨዋታ እንጂ ትምህርት አይደለም።» እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼ የማላውቀው ልጅ ነበረኝ። ስጠይቀው አንገቱን ይደፋል። አንድ ቀን ጥዶቹ ሥር ቆሞ ቀረ። ወደ ላይ አንጋጦ ቆየና ቀሚሴን ጎተት አደረገኝ። «ቲቸር፣ ይሄኛው ፍሬ አለው። ያኛው ለምን የለውም?»

ጎንበስ ብለን የወደቁትን ለቀምን። ከሽምብራ ያነሱ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ፍሬዎች ናቸው፤ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። በጣቱ ሲያሸው ዱቄቱ ለቀቀ፣ የጥድ ሽታው ወጣ። የሐበሻ ጥድ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ የሚቆም ዛፍ ነው። ወንዴው የአበባ ዱቄቱን ለነፋስ ይሰጣል፤ የምታፈራው ሴቴዋ ናት። ይህን ስነግረው ሮጦ ጓደኞቹን ጠራ። «ይሄ ወንዴ፣ ያቺ ሴቴ» እያሉ ግቢውን ሙሉ ቆጠሩት። መሀል ላይ አንዲት ልጅ አስቆመቻቸው። «ፍሬ የሌላት ገና ልጅ ሆና ቢሆንስ?»

እኔ አላሰብኩትም ነበር። እሷ ናት ያሰበችው። ቆጠራው ከእንደገና ተጀመረ፤ አሁን «ያልታወቀ» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ደብተራቸው ላይ ገባ። እሱ አየ፣ አነጻጸረ፣ ጠየቀ። እሷ ደግሞ የተሰጣትን መልስ መረመረች። ይህን ሁለቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ማስተማር ሞክሬ አቅቶኛል። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣል።

ሒሳቡም እዚያው አለ። አንድ ትልቅ ዋንዛ ዙሪያውን በሲባጎ ለኩት። ታላላቆቹ ለ3.14 ያካፍሉት፤ ውፍረቱን ሳይቆርጡት ያገኙታል።

«እኔ የዛፍ ስም አላውቅም፣ እንዴት ላስተምረው?» የምትሉኝም አላችሁ። ስም ማወቅ ግዴታ አይደለም። «ምን ታያለህ?» ማለት ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት ውሰዱት። ሳማና እሾህ ስላለ ረጅም ሱሪ ይልበስ። ውሃ ያዙ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። የማታውቁትን ፍሬ እንዳይቀምስ አስጠንቅቁት፤ ሲመለስ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የወደቀውን ይልቀም፣ የበቀለውን አይንቀል።

ደን የሚርቃችሁ ከሆነ የፋሲል መዋኛ አለላችሁ። የዛፎቹ ሥሮች የድንጋዩን ግንብ እንዴት ጠፍረው እንደያዙት ዘወትር እያየን እናልፋለን። ልጁ አንዱን ሥር በጣቱ ይከተል። ከየት እንደተነሳ፣ የትኛው ድንጋይ መሀል እንደገባ ራሱ ያግኘው። እስኪጠይቃችሁ ድረስ ዝም በሉ።