የጋራ የንግድ ምልክት ምንድን ነው? ለሸማኔስ ምን ይፈይድለታል?

ባለፈው ዓመት ጥምቀት ሲቃረብ ለእናቴ ነጠላ ልገዛላት ሐረር ጁገል ገባሁ። ከፈረስ መጋላ ተነስቼ በመኪና ግርግር በኩል ወረድኩ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሲሰፉ ይውላሉ። ትንሽ ራቅ ብዬ አንድ ሱቅ ቆምኩና ጥለቱ አረንጓዴና ወርቅማ የሆነ ነጠላ አነሳሁ።

"የእጅ ነው?" አልኩት ልጁን።

"አቦ፣ የእጅ ነዋ! የሸማኔ ነው!"

ዋጋውም የእጅ ዋጋ ነበር። ከፈልኩ።

እናቴ ተቀብላ መጀመሪያ መረቀችኝ። ቀጥላ ጥለቱን ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየች፤ በአውራ ጣቷ አሸት አደረገችው። "ልጄ፣ ይሄ ታትሞ ነው እንጂ አልተሸመነም" አለችኝ። እንዝርት እያሾረች ያደገች ሴት ናት፤ በጥጥ ነገር ማንም አያታልላትም። ሸማኔ የሠራው ጥለት ክሩ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይገባል። ጀርባውን ስታዩት የክሩ መንገድ ይታያል፤ ሲዳስሱት ሻከር ይላል። የታተመው ግን ፊቱ ደማቅ፣ ጀርባው የደበዘዘ ነው።

ገበያ የሚወጣው ሁሉ እንደ እሷ ጥጥ ፈትሎ አላደገም። ሸማኔውም ገዢውን ሁሉ እየተከተለ "ገልብጠህ እየው" ሲል ሊኖር አይችልም። በሸማኔው ፈንታ ይህን እንዲናገር ሕግ ያዘጋጀው አንድ መሣሪያ አለ። የጋራ የንግድ ምልክት ይባላል።

ተራውን የንግድ ምልክት ሁላችንም እናውቀዋለን። በለስላሳው ጠርሙስ፣ በሳሙናው መጠቅለያ ላይ ያለው ስምና ሥዕል ነው። ባለቤቱ አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት ነው። የጋራው ምልክት ባለቤት ግን ማኅበር ነው። የሚጠቀሙበት አባላቱ ናቸው። እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ይሠራሉ፣ በየግላቸው ይሸጣሉ፤ ምልክቱ ግን አንድ ነው። ለገዢው የሚነግረውም ይህን ነው፦ የሠራው የዚህ ማኅበር አባል ነው፤ የሠራውም ማኅበሩ በተስማማበት መንገድ ነው።

የአገራችን ሕግ ይህን ያውቀዋል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ውስጥ የጋራ የንግድ ምልክት በስሙ ተጠቅሷል። ምዝገባው የሚካሄደው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የተመዘገበ ምልክት ለ7 ዓመት ይጠበቃል፤ ከዚያ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ሊኖረው ይገባል፤ ማለትም በራሱ ስም የሚዋዋል፣ የሚከስና የሚከሰስ መሆን አለበት። ለሸማኔዎች ቅርብ የሚመስለኝ መንገድ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መደራጀት ነው። ያልተፈቀደለት ሰው ምልክቱን ለጥፎ ቢሸጥ ማኅበሩ ሊከሰው ይችላል።

ብዙ ሰው ከሌላ ነገር ጋር ያምታታዋል። የንግድ ፈቃድ አይደለም። በጥለቱ ንድፍ ላይ የሚሰጥ መብትም አይደለም። ፋብሪካ ነጠላ አይሥራ አይልም፤ ድሬዳዋ ራሷ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበራት ከተማ ናት። ፋብሪካው ይሥራ። የሚከለከለው የፋብሪካውን በሸማኔው ስም መሸጥ ነው።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉ ነው። ዋናው ጉዳይ ምልክቱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው የአጠቃቀም ደንብ ነው። ማን ይለጥፈዋል? ምን ላይ? ማን ይመረምራል? ያጭበረበረ አባል ምን ይደረጋል? ደንቡ ባዶ ከሆነ ምልክቱ ከቆንጆ ሥዕል አያልፍም።

እስቲ አንድ ጥያቄ ብቻ እንይ። "የእጅ ሽመና" ማለት ምን ማለት ነው? ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ ይረግጣል። ድሩ፣ በቁመት የተወጠረው ክር፣ አፉን ሲከፍት ማግ የያዘውን መወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ ያሳልፋል። ማጉን ጠቅ ጠቅ ያደርግና መልሶ ይወረውራል። ይህ ያለ ጥርጥር የእጅ ሥራ ነው። ክሩስ? ዛሬ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። የጋቢ ማግ ግን አሁንም እናቶች የፈተሉት ሊሆን ይችላል። ደንቡ "ድርም ማግም የእጅ ፈትል ይሁን" ካለ ሥራው ይከብራል፤ ዋጋው ግን ከብዙ ሰው አቅም በላይ ይሆናል፣ አባሉም ይመናመናል። "ክሩ ከየትም ይምጣ" ካለ ደግሞ ፈታዮቹ ሴቶች ተረሱ ማለት ነው።

ይህ ጭንቅ የኛ ብቻ አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ አውተር ሄብሪዲስ በሚባሉት ደሴቶች ሃሪስ ትዊድ የሚባል የሱፍ ጨርቅ ይሠራል። ምልክቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። መጀመሪያ ክሩም በእጅ መፈተል ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1934 ደንቡ ተቀየረና እዚያው ደሴቶቹ ላይ በፋብሪካ የተፈተለ ክር ተፈቀደ። በሽመናው ግን ድርድር የለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የእንግሊዝ ፓርላማ ራሱን የቻለ ሕግ አወጣለት። ጨርቁ በደሴቶቹ ነዋሪዎች፣ በየቤታቸው፣ በእጅ መሸመን አለበት ይላል። እኔ ይህን ውሳኔ እወደዋለሁ። የቱን እንደሚለቁና የቱን እንደማይለቁ ለይተው አወቁ።

ሕንድ የሄደችው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ሕግ የተወሰኑ የጨርቅ ዓይነቶች ለእጅ ሸማኔ ብቻ ተከለሉ። መጀመሪያ 22 ነበሩ፤ በኋላ ወደ 11 ወረዱ። ሕጉ የእጅ መሣሪያ የሚለው በሞተር ኃይል ከሚሠራው የሽመና መኪና ውጭ ያለውን ነው። ዓመታት አልፈው ሕጉን "እናዘምን" ሲባል አንድ ሐሳብ መጣ፦ ቢያንስ አንዱ ሥራ የሰው እጅ ከነካው ሌላው በሞተር ቢሆንም የእጅ ሽመና ይባል። ሸማኔዎች ተቃወሙ። እውነታቸውን ነው። ሞተር ያለው ሁሉ አንዷን ቁልፍ በእጁ እየተጫነ ስማቸውን ሊወስድባቸው ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ለእጅ ሽመና ጨርቅ የሚለጠፍ ምልክትም ጀምራለች፤ ከክልከላው ይልቅ ለኛ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል።

ወደ ሐረር ስንመለስ፣ ስም ገንዘብ መሆኑን ያየነው በቡናችን ነው። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። ብዙ ክርክር ተነሳ። በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ያ ምልክት የመንግሥት እንጂ የማኅበር አይደለም። ሆኖም ለቡናው ስም የተሟገተ አገር ለሸማው ስም መሟገት አያቅተውም።

የሸማችን ስምም ትናንት የመጣ አይደለም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ሐረር ገብቶ ነበር። የከተማዋ የእጅ ሽመና ከሸዋው ስመ ጥር ሸማ እንደማያንስ ጽፏል። በውበትም በጥንካሬም ከአውሮፓ ፋብሪካ ጨርቅ እንደሚበልጥ መስክሯል። ያኔ ገዢው ልዩነቱን በዓይኑ ያውቅ ነበር፤ ምልክት አላስፈለገም።

መንግሥት ለሸማኔው የሚሰጠው ድጋፍ ግን ይህን ልዩነት አይጠይቅም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ተቋሙን የለየው በሰው ብዛትና በካፒታል ነው። እስከ 5 ሰው ያለው ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ያለው አነስተኛ ተባለ። ሼድ፣ ብድርና ሥልጠና የሚሰጠውም በዚሁ መነሻ ነው። እነዚህ ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ሼድ ያገኘ ሸማኔ የሠራውን ጋቢ ይዞ ገበያ ሲወጣ፣ አጠገቡ የታተመው በግማሽ ዋጋ "የእጅ ነው" እየተባለ ይሸጣል። ብድሩን በምን ይክፈል? ለኔ ሕግን ማዘመን ከዚህ ይጀምራል። ድጋፉ ማኅበሩ ደንቡን እንዲጽፍ፣ መርማሪ እንዲቀጥር፣ የምዝገባውን ወጪ እንዲችል ይርዳው። የሐረር ስፌት፣ ሞሰቡንና ሰፌዱን፣ የሚሰፉ ሴቶችም ይኸው ነገር ያስፈልጋቸዋል።

ድሬ ውስጥ የማውቃቸው አንድ ሸማኔ አሉ። "ጋሼ፣ ደንቡን እርስዎ ቢጽፉት መጀመሪያ ምን ይላሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። መወርወሪያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "ማጉን የወረወረው እጅ ይሁን" አሉ። አጠገባቸው ክር የሚያጠነጥኑት ባለቤታቸው ቀና አሉ። "የፈተለውስ?" አሏቸው። ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ "እሱንም እንጽፈዋለን" ብለው መወርወሪያውን አነሱ።