አሸዋማ መሬት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድርቅ በሚደጋገምበት ሞቃት አካባቢ አሸዋ የሚያርስ ሰው ምክር አያጣም። ችግሩ፣ ግማሹ ምክር ለጥቁር አፈር የሚሠራ ነው።

«ዝናብ ቢመጣ ሁሉም ይስተካከላል»

ሁልጊዜ አይደለም። በደቡባዊ ሳህል (ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው ደረቅ አካባቢ) ብዙ ማሳ ላይ ከዝናብ እጥረት ይልቅ ሰብሉን አላሳድግ የሚለው ፎስፈረስና ናይትሮጅን የተባሉት ንጥረ ነገሮች እጥረት ነው። ፎስፈረስ ያነሰው ተክል ሥሩ አይዘረጋም፤ ሥሩ ካልተዘረጋ ደግሞ እታች ያለው እርጥበት ጋ አይደርስም። ውሃ እያለ ይጠማዋል ማለት ነው።

«አሸዋ ውሃ ስለማይዝ አንዴ ጥግብ አድርጎ ማጠጣት ነው»

እንዲያውም ተቃራኒው! አሸዋ በ1 ሜትር ጥልቀት ለተክል የሚሆን ከ25 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ውሃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሸክላማ አፈር ከ175 እስከ 250 ይይዛል። ትርፉ ከሥሩ አልፎ ይሰምጣል። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ አጠጣ።

«ማዳበሪያ ሲበዛ ምርት ይበዛል»

ብዙ ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ጋ ነው። አሸዋ ንጥረ ነገር የሚይዝበት አቅም የለውም፤ ማሳው ላይ የበተንከውን ናይትሮጅን አንድ ኃይለኛ ዝናብ አጥቦ ያወርደዋል። ኢክሪሳት የተባለው የምርምር ተቋም በምዕራብ አፍሪካ ከገበሬዎች ጋር ያስፋፋው ዘዴ ቀላል ነው፦ በዘሩ ጉድጓድ አንድ የጠርሙስ ቆርኪ ሙሉ፣ 6 ግራም ገደማ ማዳበሪያ። በቃ። ዩሪያ የምትጨምር ከሆነም ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍለህ አድርገው። ግን ቆርኪዋ ብቻዋን ለዘላለም አታበላም፣ ፍግ ካልታከለበት መሬቱ እየተሟጠጠ ይሄዳል።

«ሸክላ አፈር አምጥቶ መደባለቅ»

እስቲ እናስላው። የ1 ሄክታር ላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር 3000 ቶን ገደማ ይመዝናል። 5 በመቶ ሸክላ ልጨምር ብትል 150 ቶን! ለጓሮ መደብ ይሁን፣ ለማሳ ግን ቀልድ ነው።

«ዛፍ ሰብል ይሻማል»

እንደ ዛፉ ነው። የግራር ዘመድ የሆነው ፌይደርቢያ አልቢዳ በዝናብ ወቅት ቅጠሉን ያራግፋል፣ ስለዚህ ሰብሉን ብርሃን አይከለክለውም። የኒጀር ገበሬዎች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምረው ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየጠበቁ ብዙ ማሳ በዛፍ ሸፍነዋል።

«ፍግ አንዴ ከገባ ለዓመታት ይበቃል»

ቀዝቃዛ አገር ምናልባት። በዚህ ሙቀት ቶሎ ብስብስ ብሎ ያልቃል፤ በየወቅቱ መጨመር አለበት። ከከብቶቹ መኖ ከተረፈልህ የማሽላውን አገዳም እዚያው ማሳው ላይ ተወው፣ ነፋሱ አሸዋውን ጠርጎ ቡቃያው ላይ እንዳይከምረው ይይዝልሃል።