የፍላጎት ዳሰሳ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ ዩኒቨርሲቲዎች ሲናገር «ዳሰሳው ፍላጎት መኖሩን አረጋግጧል፤ ከዚህ በኋላ ሴኔቱ ማስተርሱን የሚያዘገይበት ምክንያት የለም» ሲል ሰማሁ። የፍላጎት ዳሰሳ አዲስ ፕሮግራም ከመከፈቱ በፊት በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ የሚጠናበት ነው፤ ሴኔቱ ደግሞ ፕሮግራሙን የሚያጸድቀው የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ነው። እዚህ ሐዋሳም ይህን አባባል በስብሰባም በሻይ ሰዓትም ስሰማው ኖሬአለሁ። አሁን ግን በዛ።

ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። በአማርኛ «ይፈልጋል» ስንል ሁለት የተለያየ ነገር እንላለን። ልጁ ከረሜላ ይፈልጋል። ችግኙ ውሃ ይፈልጋል። ልጁ ቢከለከል ያለቅሳል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ችግኙ ግን ይደርቃል። ለአዲስ የድህረ ምረቃ ፕሮግራም የሚጠናው የችግኙ ዓይነት ፍላጎት ነው። ብዙ የዳሰሳ ሰነድ የሚለካው ግን የልጁን ነው።

አንድ ጊዜ የውጭ ገምጋሚ ሆኜ አዲስ ማስተርስ ለመክፈት የተዘጋጀ አንድ የዳሰሳ ሰነድ ደረሰኝ። ከየት እንደመጣ ልተወው። ከኋላው የተሞሉ መጠይቆች ተያይዘዋል። ዋናው ጥያቄ «ይህ ፕሮግራም ቢከፈት ለሀገር ልማት ይጠቅማል ብለው ያምናሉ?» ይላል። የራይት ምልክቶቹ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ሥር ገጽ በገጽ ተደርድረዋል። መልስ ሰጪዎቹ አብዛኞቹ የዚያው ትምህርት ክፍል ተመራቂዎች ናቸው። ለሀገር አይጠቅምም ብሎ ራይት የሚያደርግ ማን ይገኛል? «አይ» የሚል መልስ ሊመጣበት የማይችል ጥያቄ ምንም አይለካም።

ሥራዬ ሐይቅና ዓሣ ስለሆነ በዚያው ላስረዳ። ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዳችሁ «ዓሣ ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም «አዎ» ይላል። ሾርባው ይወደዳል፣ ጥብሱ ይወደዳል። ይህ መልስ ግን ሌላ ጀልባ ይግባ አይግባ የሚለውን አይነግራችሁም። ለዚያ ሐይቁን ማየት ያስፈልጋል። ምን ያህል ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) አለ? ስንት ጀልባ ቀድሞ ገብቷል? የመረቡ ቀዳዳ ምን ያህል ነው? ቀዳዳው የጠበበ መረብ ጫጩቱንም ጠራርጎ ዛሬ ጀልባውን ይሞላል። ከርሞ ግን የሚራባ ዓሣ ይጠፋል።

በዩኒቨርሲቲ ጀልባው አዲሱ ፕሮግራም ነው። ሐይቁ መምህራኑ፣ ቤተ ሙከራውና የምርምር በጀቱ ናቸው። ፒኤችዲ ያላቸው ሦስት መምህራን ብቻ ያሉት ትምህርት ክፍል ማስተርስ ስለከፈተ አራተኛ መምህር አያገኝም። እነዚያው ሦስቱ ይከፋፈላሉ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ቤተ ሙከራ የሚያሠራው ያጣል። የማስተርሱ ተማሪ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ አማካሪ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ይንከራተታል። ገና ከፒኤችዲ የተመለሰ ወጣት መምህር የራሱን ምርምር ሳይጀምር አሥር ተማሪ ይሸከማል። ጫጩት ማጥመድ የምለው ይህንን ነው። ደግሞ ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ፕሮግራምም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ከገባ መዝጋት ከባድ ነው።

ከሙያዬ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የተያዘው ዓሣ ብዛት ሐይቁ ውስጥ ያለውን አይናገርም። ብዙ መረብ ከተጣለ፣ ዓሣው እያለቀም ቢሆን፣ የሚያዘው ለጊዜው ይበዛል። ለዚህ ነው እኛ በጠቅላላ ስንት ኪሎ ወጣ ብለን የማናቆመው። በስንት ጀልባ፣ በስንት መረብ፣ በስንት ሌሊት እያልን እናካፍላለን። የአመልካች ቁጥርም እንዲህ ካልተካፈለ ያሳስታል። ትምህርቱ ቅዳሜና እሁድ ነው ከተባለ አመልካቹ ይጎርፋል። ብዙ ሠራተኛ ማስተርስ የሚፈልገው ለደረጃ እድገት ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ደመወዙ ያሳስበዋል። ቁጥሩ የሚነግረን ግን ስለ ደመወዝ እንጂ ስለ ሙያው እጥረት አይደለም። መሃል ላይ ብሔራዊው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም አለ። መጠይቁን የሞላ ሁሉ ክፍል ውስጥ አይገኝም።

ታዲያ ማንን እንጠይቅ? የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን እንውሰድ። በሐምሌ 2008 ነው የተመረቀው። ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ማጣሪያ አለው። አንድ ትምህርት ክፍል «በፍሳሽ ማጣራት ማስተርስ እንክፈት» ቢለኝ፣ መጀመሪያ የምልከው ማጣሪያውን ወደሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ነው። በአምስት ዓመት ስንት ሰው ትቀጥራላችሁ? በየትኛው የሥራ መደብ? ዛሬ ያቃታችሁ ሥራ የትኛው ነው? ምናልባት የጎደላቸው ናሙና በትክክል የሚወስድ ቴክኒሻን ይሆናል። እንዲያ ከሆነ የሚያስፈልገው የሁለት ወር ሥልጠና ነው፤ ለዚያ ማስተርስ አይከፈትም። ቀጥሎ የዲላን፣ የወላይታ ሶዶንና የአርባ ምንጭን ዩኒቨርሲቲዎች አያለሁ። ተመሳሳይ ትምህርት እዚያ እየተሰጠ ወንበር ባዶ ከሆነ፣ እዚህ መድገሙ ሁለቱንም ያዳክማል።

«ሐዋሳ እኮ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው» የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው፤ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ከስምንቱ አንዱ ነው። ድህረ ምረቃ እንዲሰፋ እኔም ከልቤ እፈልጋለሁ። ምደባው ግን የትኛው ፕሮግራም ይከፈት የሚለውን አይመልስም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን ፕሮግራም የሚያጸድቀው የራሱ ሴኔት ነው። ሴኔቱ ሲጠይቅ ቢሮክራሲ የሚመስለው ሰው፣ እዚያ ያልተጠየቀው ጥያቄ ኋላ ተማሪው ላይ እንደሚወድቅ ያስብ።

ያንን ሰነድ አስተያየቴን ጽፌ መለስኩት። ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ። ከመጀመሪያው አጥሯል። መጠይቁ ወጥቶ ከቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስ ገብቷል። መምህራኑ አዲስ ማስተርስ መጠየቁን ትተው፣ በነባሩ ማስተርስ ላይ ሁለት ኮርስ እንዲጨመር ነበር ያቀረቡት። ሳላመነታ ፈረምኩ።